ከነድንጋይዋ የምትሸጥ መኪና

መኪናዬን ልሸጥ ነው ብዬ ባወራሁ ማግስት ጎረቤቱ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ።

ቀልድ አይደለም። ሃጂ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ምነው ልጄ፣ ምን ቸገረህ?» እያሉ ገቡ። ከታች ቤት እማማ ቆሎ በሰፌድ ይዘው መጡ። የቅሬያችን (የእድራችን) ዳኛ ቁጭ ካሉ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «መቼም ሳታማክረን አትሸጣትም» አሉ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ይህን ለማስታወስ ግን ሰዓቱ አልነበረም።

ደግሞም አልፈርድባቸውም። እታለም የኔ ብቻ ሆና አታውቅም። (ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፤ ሰፈሩ በዚያው ቀጠለ።) እ.ኤ.አ. የ1993 ምርት፣ ነጭ፣ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ናት። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሏት። ስንት ሰው እንደምትጭን ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ በቅሬው ሕግ ግን ሞልታ አታውቅም። ቀብር ስትሄድ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ያለቅሳል። ስትመለስ ያው ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ሟቹን ያማል። ሙሽራ ጭናለች፤ በግ ጭናለች፤ አንድ ቀን ሁለቱንም አብራ ጭናለች። አንድ ሌሊት ደግሞ ምጥ የያዛት የጎረቤት ሴት ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንበር፣ ሳንደርስ አንድ ሰው ተጨመረ። ልጁ ዛሬ 9ኛ ክፍል ነው። ጓደኞቹ «ቶዮታ» ነው የሚሉት።

በዚህ ሁሉ ዘመን ናፍጣ የሞላልኝ ጎረቤት የለም። ምርቃት ያልሞላልኝም የለም።

የገዛኋት ከ16 ዓመት በፊት በጨረታ ነው። ኮድ 5 ነበረች፤ የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት። ታርጋዋ ተቀየረ፣ በሯ ላይ የነበረው ምልክት ተፋቀ። ግን ዝናብ ሲመታት ምልክቱ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። በክረምት ኩታበር ገበያ ሄጄ ባቆምኳት ቁጥር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ጠጋ ብሎ በሩን በትሩ ጫፍ ነካ ያደርግና፣ «የስንዴው ነገር ከምን ደረሰ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር። ኋላ ላይ «እየታየ ነው» ማለት ለመድኩ።

ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ አትሉም? አንደኛ፣ የናፍጣው ዋጋ። ሁለተኛ፣ ጉልበቴ፤ ፍሪሲዮኗ የጎረምሳ እግር ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ባለቤቴ። ከእታለም ላይ ስትወርድ ሦስት ጊዜ ቀሚሷ ተቀዷል። ሦስቱም ጊዜ የሠርግ ቀን ነበር።

እናም ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ለደላላ ነገርኩ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለዚህ በዚህ ከተማ ከሊስትሮ እስከ ደላላ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

«ቲቸር፣ ይስሙኝ» አለ። «በ2012 አሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ቆለሉበት። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ አሉ። ከእንግዲህ ያለው ነው ያለው። እታለም እኮ ወርቅ ናት!»

ወርቅ ያላት እኔ ብቻዬን ስሆን እንደሆነ የገባኝ ገዢ ሲመጣ ነው።

ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያ ጻፈ። «በዶክተር የተያዘች። ከከተማ ያልወጣች። አንድም ወጪ የማትጠይቅ። ቁልፍ ተቀብሎ መንዳት ብቻ።» ዶክተር አይደለሁም ብለው «እንግዲያው የሴት እጅ እንበላት» አለኝ። ከከተማ ያልወጣች የሚለው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ላንድክሩዘር ከከተማ ካልወጣች ለምን ተሠራች? ይቺ መኪና ደላንታን ታውቃለች። ወረኢሉን ታውቃለች። በክረምት ወደ ተንታ ስንሄድ ጭቃው ውስጥ ወርጄ የፊት ሞዞዎቿን (የጎማ እምብርቶቿን) በእጄ አዙሬ «ሎክ» አድርጌ፣ እጄን በሣር ጠርጌ፣ ማርሿን አስገብቼ ስወጣ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ የመሰለ ዘመናዊ መኪና ከነባለቤቱ ተቀርቅሮ ያየን ነበር። ጎትተን አወጣነው። ሰውዬው አመስግኖ፣ «ግን ይቺ አሁንም ትሠራለች?» አለኝ። የተጎተተው እሱ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እታለም አንድ አመል አላት። ሞተሯ ጤነኛ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የማያውቅ፣ አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ የማይደክመው ናፍጣ ሞተር ነው። የደከመው ሞተሪኖዋ ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲጠመዘዝ «ክጭ» ብሎ ዝም ይላል። በ16 ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ሥራ አስቀርታኝ አታውቅም። ምክንያቱም የምኖረው ደሴ ነው።

ደሴን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተንጠልጥላ ነው ያለችው። ሜዳ የሚባል ነገር በኪራይም አይገኝ። ብርቱካን ከእጅህ ካመለጠህ ቦርከና ወንዝ ወርደህ ነው የምትለቅመው። አውሮፕላን እንኳ የደሴን ሰው ይዞ ሲመጣ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ታዲያ ማታ ማታ የእታለምን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቆማለሁ። ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ እወሽቃለሁ። ጥቁር፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ የጀበና ሆድ የሚያህል ድንጋይ ነው። ጠዋት ድንጋዩን አነሳለሁ። ቁልፍ እከፍታለሁ፣ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሬኑን እለቃለሁ። መጀመሪያ ድምፅ የለም፤ ጎማው ጠጠር ሲፈጭ ብቻ ይሰማል። የሃጂን በር ስናልፍ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። አንዴ ትንገጫገጫለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ከዚያ መላው ሰፈር እኔ መሄዴን ያውቃል። ሃጂ «ለጠዋት ሰላት ስልክ አያስፈልገኝም» ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ያህል ማልጄ ወጥቼ አላውቅም።

ሞተሪኖውን ለምን አላሠራህም የሚለኝ አለ። ገንዘቡ በየዓመቱ ይቆጠባል፣ በየዓመቱ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል። ቁልቁለት ደግሞ ነጻ ነው።

ገዢዎች መምጣት ጀመሩ። ይደውላሉም። የሚደውል ሰው ሰላምታ የለውም። «የመጨረሻ ስንት ነው?» ይላል። መጀመሪያውን ሳይጠይቅ! አንድ ወጣት መጥቶ «ኤሲ አላት?» አለኝ። የደሴ ሐምሌ ላይ ኤሲ። መስኮቱን ዝቅ አድርግ አልኩት። «የኋላ ካሜራስ?» ሲለኝ «አላት» አልኩት፤ «ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ና፣ ና፣ ና፣ በቃ! ይልሃል።» አልሳቀም።

እንደ መካኒኩ ግን ያንገበገበኝ የለም። አንድ ከብት ነጋዴ ነው ይዞት የመጣው። ነጋዴው ራሱ እታለምን እንደ በሬ ዞራት። ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ጥርሷን ማየት ነው የቀረው። መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ከዚያ እኛ የምንሰማው ምላሱን ሲመጥ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በመጠጠ ቁጥር ደላላው ጆሮዬ ላይ «አሥር ሺህ ወረደ» ይለኛል። ባሌስትራው ላይ ሁለቴ መጠጠ። ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ዝምታው ከሁሉም ውድ ነው።

«ዘይት ታንጠባጥባለች» አለ ከሥር ሆኖ።

«ዘይት ስላላት ነው!» አልኩ።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስረግማት የኖርኩት ሰውዬ። መካኒኩ ቀጠለ። «ይሄን ሻንሲ ደግሞ ማን ነው እንዲህ አጨማልቆ የበየደው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከዚያ እሱን አየሁት። «አንተ ነህ» አልኩት። «የዛሬ አምስት ዓመት፣ እዚያ ጋራዥ ስትሠራ።»

ከሥር ትንሽ ዝምታ ሆነ። «ለነገሩ ጠንካራ ብየዳ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ነጋዴው ግን ግማሽ ዋጋ ጠርቶ፣ «ለቆርቆሮ ከዚህ በላይ አልከፍልም» አለ። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘች ከማድቤት ወጣች። «ማናት ቆርቆሮ?» አለች። ሦስቱ ቀሚሶች ለጊዜው ተረሱ። ሰውየው ቡና እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ደሴ ላይ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

በመጨረሻ የኮምቦልቻው ሰውዬ መጣ። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ባለ ገንዘብ። ደላላው አስቀድሞ ስለ ሃይማኖቱ ጠይቆኝ ነበር። ለሙስሊም ገዢ «ወላሂ»፣ ለክርስቲያን ገዢ «በእመቤቴ» እያለ ነው የሚምለው። የራሱን እስካሁን አላወቅኩም፤ ወሎ ውስጥ በስም አይታወቅማ።

ባለቤቴ ቡና አፈላች። አቦል ላይ ስለ ዝናቡ አወራን። ቶና ላይ ዋጋ ተጠራ። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዘመዶቼ ያነባሉ። በረካ ሊቀዳ ሲል ደላላው የሁለታችንንም እጅ ይዞ ሊያጨባብጠን ሳበ። ሕሊናዬ ቆረቆረኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ጠዋት ጠዋት በሞተሪኖ አትነሳም። ቁልቁለት ትፈልጋለች።»

ደላላው ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። የኮምቦልቻው ሰውዬ አየኝና ፈገግ አለ። ተነሳ፣ ወጣ፣ እታለም ውስጥ ገባ። ቁልፉን ጠመዘዘ። እሷም በአንድ ጊዜ ተነሳች! ለካ ጠዋት ገበያ ደርሼባት ስለነበር ሞተሯ አልበረደም። ከሞቀች በሞተሪኖም ትነሳለች፤ ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«ገባኝ፣ ቲቸር» አለ። «ሌላ ሰው የተሻለ ጠርቶልዎታል። እኔን ተስፋ ሊያስቆርጡኝ ነው።»

«ወላሂ አይደለም!»

«20 ሺህ ጨምሬያለሁ» አለ።

ተማሪዎቼን ሠላሳ ዓመት እውነት ተናገሩ ስል ኖሬአለሁ። እንዲህ እንደሚከፍል ግን አላውቅም ነበር። ሃጂ ተጠርተው ዱአ አደረጉ። ደላላው አሜን ሲል ከሁሉም ጮክ አለ። ኮሚሽኑን በቀኝም በግራም ነው የሚቀበለው።

ውሉ፣ ማኅተሙ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ማመሳከር ሁለት ቀን በላ። ርክክቡ ቀን ቁልፉን፣ ክሪኩን፣ ስኮርታውን ሰጠሁት። መጨረሻ ላይ ድንጋዩን አመጣሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእሷ ነው።»

ሳቀና ትቶት ሄደ። የቅሬው ዳኛ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ሸኟት። መንገዱ ሐረጎን ተጠማዝዞ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። እንዴት ደስ ብሏት እንደወረደች መገመት አያቅተኝም።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ እታለም እምቢ አለች።»

«የት አደረች?»

«ግቢዬ ውስጥ።»

«ግቢህ ወዴት ያዘነብላል?»

ዝም አለ። «ወዴትም» አለ። «ሊሾ ነው።»

ጥፋቱ የኔ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ፣ ኮምቦልቻ ከኛ በ600 ሜትር ገደማ እንደምትወርድ ለስንት ትውልድ አስተምሬ፣ ሜዳ መሆኗ ትዝ አላለኝም። አብሽር፣ ሞተሪኖ አስቀይር አልኩት። ሄዶ ዋጋ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ደውሎ የነገሩትን ዋጋ ነገረኝ፤ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ጥያቄ ይዞ ደወለ። «ያ ድንጋይ አለ?» አለኝ። በሚኒባስ ላክሁለት። ረዳቱ እንደ ሰው ሙሉ ሒሳብ አስከፈለኝ፤ «ወንበር ይይዛል» ብሎ።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ኮምቦልቻ በጠዋት ወርጄ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳለ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ዝግ አለ። ውስጡ የኮምቦልቻው ሰውዬ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሰነዶቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተቀምጧል። አፍንጫቸው ወደ ሐረጎ ዳገት ነው። ባጃጁን አቁሞ ወርዶ ሳመኝ።

«በጠዋት በባጃጅ ወዴት ነው?» አልኩት።

«መኪናዬ ጋ» አለኝ።