ፎርማት፣ ፎርማት፣ አሁንም ፎርማት!

ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ኮምፒውተሬ በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖበት፣ ተመለሰልኝ። ያለኝ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነው። ሰው አቤቱታውን፣ የሥራ ማመልከቻውን፣ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ማሽኑ ሲቆም ያ ሁሉ ሰው ከበር ይመለሳል።

ሕመሙ አንድ ነበር፤ ሲከፈት ይዘገያል። ባለሙያው መቼ እንደጀመረው አልጠየቀኝም፤ ከፍቶም አላየውም። «እትዬ፣ ይህ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ ነገ ይውሰዱት» አለኝ። ፋይሎቼን እንዲገለብጥልኝ ለመንኩት፤ «አያስቡ» አለ። በማግስቱ ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነው። የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከነሠንጠረዡ ጠፍቷል። ልጅቷ ባንኮኒው ፊት ቆማ ስታለቅስ ምን ልበላት? ራሱን ያመመውን ሁሉ ሆዱን የሚቀድ ሐኪም ቢኖር ዝም እንለው ነበር?

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። በሳምንቱ ማሽኑ እንደገና መዘግየት ጀመረ። የእህቴ ልጅ መጣና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፍል አሳየኝ። ባለሙያው ሳልጠይቀው የጫነልኝ ፕሮግራም ሁሉ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል! የማያስፈልገኝን አንድ በአንድ «ዲስኤብል» አደረገው። ከዚያም በመፈለጊያው ላይ «ፐርፎርማንስ» ብሎ ጽፎ፣ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታየውን ማስዋቢያ ሁሉ አጠፋ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ጊዜ የከፈልኩበት፣ የሰው ጽሑፍ የጠፋበት ነገር መፍትሔው ይህ ነበር።

የፊደሉስ ነገር! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን ደንበኞቼ የሚያመጡት የድሮ ደብዳቤና ውል በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ ከማሽኑ ላይ ከጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ከፎርማቱ በኋላ አንድ አዛውንት የቤታቸውን የኪራይ ውል ይዘው መጡ፤ ስከፍተው አንድ ቃል አይነበብም። ውላቸው የተበላሸ መስሏቸው ደነገጡ። ለዓመታት የሰበሰብኳቸውን ፎንቶች ባለሙያው ወደ ፍላሽ ቢገለብጣቸው ምን ይጎዳው ነበር? የአማርኛ ኪቦርዱን እንኳ አልመለሰውም። ቋንቋ ከሚጨመርበት ቦታ አማርኛን መምረጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን ተጭኖ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሻገር ይቻላል።

ወገኖቼ፣ በፍላሽ የምትሠሩ ሁሉ ይህችን አደራ ስሙኝ። ዊንዶውስ የፋይልን ስም መጨረሻ ደብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የፎልደር ሥዕል የለበሰ ቫይረስ ከእውነተኛው ፎልደር አይለይም፤ ከፍተነው እናልቃለን። በዊንዶውስ 11 ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው» ብላችሁ የፋይል ስም ቅጥያን አብሩ። ፎልደር መስሎ መጨረሻው ላይ «ኤክሴ» (.exe) የሚል ካያችሁ አትንኩት። ስንት ዓመት በዚህ ስታመም አንድም ባለሙያ ይህን አልነገረኝም!

ኢንተርኔትም ቢሆን በጊጋባይት ገዝተን ነው የምንጠቀመው። ኮምፒውተሩን ከስልካችሁ ጋር በሆትስፖት ስታገናኙ፣ የግንኙነቱን ስም ከፍታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት፤ አብዛኛው ማሻሻያ ሳትፈቅዱለት አይወርድም። ዓይናችሁ የደከመ ደግሞ «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ የጽሑፉን መጠን እስከ 225 በመቶ ማሳደግ ትችላላችሁ።

ፎርማት ጭራሽ አያስፈልግም አላልኩም፤ ያስፈልጋል፣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ባለሙያዎች ሆይ፣ እኔ የምለው፣ ጠይቁን፣ እዩት፣ የሰውን ድካም ከማጥፋታችሁ በፊት ገልብጡ! «ዶክመንትስ» የሚለውን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን» ብሎ ወደ ዲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ወዳልተጫነበት ሌላው ማከማቻ፣ ማዛወር እንደሚቻል ብትነግሩን ኖሮ፣ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ፋይላችን በቦታው ይቆይ ነበር። ይህን መናገር ገበያችሁን ይቀንሰዋል? እኔ እንደሆንኩ፣ ከፍቶ አይቶ ችግሩን ላስረዳኝ ሰው እጥፍ ብከፍል አልቆጭም።

ልጅቷ የጽሑፏን ግማሽ ለአማካሪዋ ከላከችው ኢሜይል ላይ አገኘችው። ቀሪውን ማታ ማታ እየመጣች እሷ ታነባለች፣ እኔ እተይባለሁ፤ ገንዘብ አልቀበላትም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል፤ የምናስቀምጠውም ዲ ድራይቭ ላይ ነው።