ሉቻኖን እንዴት ትረሱታላችሁ?
ስለ ብሄራዊ ቡድናችን ምርጥ ተጫዋቾች የጻፋችሁት ደስ ይላል፣ መንግስቱ ወርቁን ማስቀደማችሁም ትክክል ነው፣ ግን ሉቻኖ ቫሳሎን እንዴት በአንድ መስመር ታልፉታላችሁ? በ1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ አምበሉ እሱ እኮ ነው! አባቴ ፍጻሜውን አሁን ካታንጋ በምንለው የስታዲየሙ ክፍል ቆሞ ነው ያየው፣ ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግብፅ ቀድማ አገባች፣ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፣ ህዝቡ ጨፍሮ ሳይጨርስ በደቂቃ ውስጥ የግብፁ ባዳዊ ሁለተኛውን ከተተው፣ አባቴ "ስታዲየሙ ዝም አለ፣ የጎረቤቴ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር" ይለን ነበር። ከዛ በ84ኛው ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረጋት፣ በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎና መንግስቱ ጨምረው 4 ለ 2። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለውም ሉቻኖ ነው።
ከኛ ዘመን ሳላዲን ሰኢድም አዳነ ግርማም ጌታነህ ከበደም ይገባቸዋል፣ በተለይ አዳነ በ2005 ዛምቢያ ላይ በጎዶሎ ተጫዋች ያስቆጠራት ጎል፣ ከ31 አመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ያገባናት የመጀመሪያዋ፣ እኔ ራሴ ጮሄ ድምፄ ሁለት ቀን ተዘግቷል። ግን ዋንጫ ያነሳው አምበል አንድ ነው። አስመራ ተወልዶ፣ ለኢትዮጵያ ተጫውቶ፣ ጣሊያን ሀገር በስደት አርፏል። እባካችሁ ስለሱ ለብቻው አንድ ፅሁፍ ስሩልን።