ይሄ ልጅ ሥራ የለውም እንዴ?

በኮሪያ ድራማ ውስጥ መንፈስ አለ። ባለ ዘጠኝ ጅራት ቀበሮ አለች። ከጥንት ዘመን ተስፈንጥሮ ሴኡል መሀል የሚወድቅ ልዑልም አለ። ይሄን ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ እቀበላለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጃንጥላ ይዞ ልጅቷ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተገተረውን ባለ ሱፍ ጎረምሳ ግን አልቀበልም። ማን ፈቀደለት?

አገሩ እኮ ደቡብ ኮሪያ ነው። በፈረንጆቹ 2018 በወጣው ሕግ የሳምንት የሥራ ሰዓት ጣሪያው 52 ነው። 40 መደበኛ፣ 12 ትርፍ ሰዓት። ይሄም ተሻሽሎ ነው፤ ከዚያ በፊት እስከ 68 ይዘልቅ ነበር። በዚህ ላይ አለቃ የሚጠራው የማታ እራት አለ። ሥጋ ይጠበሳል፣ ሶጁ የሚሉት አረቄ ይቀዳል፣ ከዚያ ካራኦኬ ይቀጥላል። «ልጆቼ ታመውብኛል» ብሎ ሹልክ ማለት በቀላሉ አይሞከርም።

አክስቴ ኮሪያኖቹን የምታየው በእኔ አፍ ነው። ከታች የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። መሳሳም ሲመጣ እኔ ዝም እላለሁ፣ እሷ ሻይዋን ታማስላለች። ጃንጥላው ብቅ ሲል ግን ዝም አላለችም።

«ይሄ ልጅ ሥራ የለውም እንዴ?»

«ሥራ አስኪያጅ ነው እትዬ።»

«የት?»

«አባቱ ድርጅት።»

«እ… በይ ቀጥይ።»

ያቺ «እ…» ብዙ ነገር ገለጠችልኝ። ለካ የድራማ ጸሐፊዎች የሀብታም ልጅ የሚወዱት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ለጊዜው ነው። በ2009 «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» ሲወጣ ግማሽ እስያ ያበደለት የሀብታም ልጅ ጉ ጁን ፒዮ ፀጉሩን ሲያስተኩስ የሚያጠፋውን ሰዓት ደሞዝተኛ ከየት ያመጣዋል? ቼቦል የሚሏቸው፣ ኩባንያ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚያወራርሱ ቤተሰቦች ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ፍቅር ፈቃድ ተከልክሎ ይቀር ነበር።

ደስ የሚሉኝ ግን ይሄን ልጅ ከታሪኩ ያባረሩት ድራማዎች ናቸው። እሱ ሲወጣ ፍቅሩ ከነቤት ኪራዩ ይቀራል።

የ2017ቱን «ቢኮዝ ዚስ ኢዝ ማይ ፈርስት ላይፍ» ውሰዱ። ናም ሴ ሂ የራሱ አፓርታማ አለው። አለው ስላችሁ የባንኩ ነው፤ እሱ ዕዳውን እየጠበቀ ይኖርበታል። ዩን ጂ ሆ ደግሞ የድራማ ጸሐፊ ረዳት ናት። ቀን የሰው ፍቅር ስትጽፍ ትውላለች፣ ማታ የምታድርበት የላትም። ታናሽ ወንድሟ ሚስት አመጣና ቤቱ ጠበባት። ክፍል ስትፈልግ እሱ ጋር ደረሰች። ሰውዬው ለተከራዮቹ ነጥብ ይሰጣል። ቆሻሻ ለይቶ ይጥላል ወይ? ድመቷን ይንከባከባል ወይ? ጂ ሆ ቆሻሻ በመለየት አንደኛ ወጣች። ሴኡል ውስጥ ይሄ ቀላል ማዕረግ አይደለም። የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው፣ ፕላስቲክ ለብቻው፣ ጠርሙስ ለብቻው ነው። ከዚያ ተጋቡ። በጽሑፍ ውል! እሱ ኪራይ የማታዘገይ ሰው አገኘ፣ እሷም ጣሪያ።

ይሄን ቀልድ የሚለው ጆንሴን ያላወቀ ነው። ጆንሴ ማለት ቤት ለመከራየት በአንዴ የምታስይዙት ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ግማሹን ያልፋል። ወርሃዊ ኪራይ አትከፍሉም። አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ አከራዩ ካልበላው። አክስቴ ይሄን ስነግራት «ይመለሳል?» አለችና የዚያን ቀን ድራማ ልብ ብላ ሳታየው ቀረች። የአዲስ አበባ ተከራይ ናት፤ ቅድሚያ ከፍላ ተመልሶላት አያውቅም። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ የሌለው የሴኡል ጎረምሳ «እወድሻለሁ» ከማለቱ በፊት ጉሮሮው ላይ ምን እንደሚሰነቀር አስቡት።

ቤቱ ሲገኝ እናት ትመጣለች። የ2018ቱ «ሰምቲንግ ኢን ዘ ሬይን» ላይ ዩን ጂን አ ሰላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ የቡና መሸጫዎች በሚያስተዳድር ድርጅት ትሠራለች። ቢሮ ውስጥ ስሟ «ታምቡሪን» ነው፤ ካራኦኬ ቤት አለቆቿን ለማስደሰት ስለምታንቀጫቅል። የምትወደው የቅርብ ጓደኛዋን ታናሽ ወንድም ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እነሱ በጠረጴዛው ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በኮሪያ ድራማ ካየኋቸው የዝናብ መሳሳሞች ሁሉ ያቺ የጠረጴዛ ሥር እጅ ትበልጥብኛለች። የሰረቀ ሰው እጅ ናት።

ልጁ ሥራ አለው፣ ጠባይ አለው፣ መልክማ ተዉት። እናትየው ግን አሻፈረኝ አለች። ወላጅ አጠገቡ የለም፣ ቤተሰቡ ምን አለው? አስቂኙ ነገር ልጁን ከነእህቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ቤቷ ገብቶ በልቷል። ለጎረቤት ልጅነት የበቃው ለአማችነት አነሰ። ጭራሽ ልጅቷ እሱን እያፈቀረች ከሌላ ወንድ ጋር መተያያ ትቀጥርላታለች። አክስቴ እዚህ ላይ ትርጉም አላስፈለጋትም። ሴትየዋ ገና አፏን ሳትከፍት «የማን ልጅ ነው ልትል ነው» አለች። ሴትየዋም አለች።

መኖሪያ ሰፈርም ከፍቅረኞቹ መሀል ይገባል። «ማይ ሊበሬሽን ኖትስ» (2022) ላይ ሦስቱ እህትና ወንድሞች ከሴኡል ውጭ ጊዮንጊ ይኖራሉ፤ ሥራቸው ሴኡል ነው፣ መንገዱ ደርሶ መልስ ቀናቸውን ይበላዋል። ወንድምየውን ፍቅረኛው ጊዮንጊ የእንቁላል ነጩ፣ ሴኡል አስኳሉ ነው ያለችው ነገር አንገብግቦታል። ልክ ናት። የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠው ሰዓቱን የሚያይ ወንድ እንዴት ዓይን ዓይን እያየ ያወራል?

ለዚህ ነው እነዚህ ድራማዎች ውስጥ ክፉ ሰው ብዙም የማያስፈልገው። በ2023 የኮሪያ የወሊድ መጠን ለአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ነበር። ዓለምን ሁሉ ፍቅር የሚያስተምር አገር ራሱ ማግባት ከብዶታል። ካሜራው ዘወር ሲል የቤት ዕዳው እዚያው ነው።

ስለ ጋብቻ ከሆነ ግን ለእኔ «ጎ ባክ ካፕል»ን (2017) የሚያህል የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት ይፋቱና በማግስቱ 1999 ላይ፣ የኮሌጅ ተማሪ ሆነው ይነቃሉ። ተረት ነው፤ ጠባቸው ግን የየቤታችን ነው። እሱ መድኃኒት ይሸጣል፣ ዶክተሮች ፊት ጎንበስ ቀና ሲል ይውላል። እሷ ሕፃን ታቅፋ ቤት ውስጥ ፀጉሯን ማበጠር እስክትረሳ ድረስ ትለፋለች። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም «እኔ ነኝ የደከመኝ» የሚል ፊት ይዘዋል። ወጣትነቷ ሲመለስላት ደግሞ የተጠመጠመችው ባሏ ላይ አይደለም። በሕይወት ያገኘቻት እናቷ ላይ ነው። እኔ ማንበብ አቆምኩ፤ አክስቴም «ግድ የለም፣ ገብቶኛል» አለች።

ቢሆንም ከሁሉ የወደደችው የ2024ቱን «ኩዊን ኦፍ ቲርስ» ነው። በኮሪያ ልማድ የባል ቤተሰብ ለአያት ቅድመ አያቶቹ መታሰቢያ ሲያደርግ ኩሽና ገብተው የሚለፉት ምራቶች ናቸው። እዚህ ግን ሚስትየው የቼቦል ልጅ ስለሆነች ነገሩ ተገለበጠ። የተማሩት አማቾች፣ የሕግ ባለሙያው ጭምር፣ ሽርጥ አስረው ኩሽና ውስጥ ሲጠብሱ ይታያሉ፤ ያውም ለሚስቶቻቸው ዘር።

አክስቴ ደጋግማ አስመለሰችው። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰች ስልኳን ሰጠችኝና «ለአጎትሽ ላኪለት» አለች። ክፍሏን ቆርጬ በቴሌግራም ላክሁለት። አይቶታል። መልስ ግን የለም፤ ለፋሲካም ዶሮውን የገነጠለችው እሷው ናት።