ይድረስ ለጋሽ ባሌስትራ፦ ወይ ይነሱ፣ ወይ ጡረታ ይውጡ

ለተከበሩ የኋላ ባሌስትራ
ባሉበት (ማለትም ከአሮጌው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ስር፣ ተደራርበውና ጎብጠው መኪናውን የሚሸከሙ ብረቶች ሆነው፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ከፍ ብለው)

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ቁጭ ማለትን ይመለከታል።

ጋሽ ባሌስትራ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ መቀመጥ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ቁጭ ካሉ ቆይተዋል። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ አልፈርድም። እርስዎ ግን የተቀመጡት መኪናዬን ይዘው ነው። ላንድክሩዘሬ ከጎን ሲታይ ልክ እንደ ጅብ ሆኗል፤ ፊቱ ቀና፣ ኋላው ወረድ። ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣማ ጉድ ነው። ዳገቱ ያነሰን ይመስል እርስዎ የራስዎን ዳገት ጨመሩበት።

ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ የሰው ፎቅ ያበራል። አጭሩን አብርቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እየሄድኩ፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ረጅሙን እያርገበገበ ይሰድበኛል። የሚቀመጡት እርስዎ፣ የሚሰደበው እኔ።

አራት ኪሎ መብራት ላይ ስቆም ደግሞ መካሪ አይጠፋም። የታክሲ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ብራዘር፣ ኋላህ ቁጭ ብሏል!" ይለኛል። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አይቼዋለሁ። "ምን ጭነህ ነው?" ባዶ ነኝ። ባዶ መሆኔን ስነግረው ፊቱ ላይ የማየው ሐዘን ከስድቡ ይብሳል።

ድሮ ሰበብ ነበረዎት። ጉድጓዱ ነው፣ ኮብልስቶኑ ነው፣ ተቆፍሮ የቀረው መንገድ ነው ይሉ ነበር፤ እኔም አምኜ እሽሞነሞንዎት ነበር። አሁን የኮሪደር ልማቱ መጥቶ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ አዲስ አስፋልት ተነጥፏል። ስንት ቤት፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት የማውቀው ቡና ቤት ተነሳ። በልማት ያልተነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ያለፈ ታሪክዎን አልክድም። መኪናው በጨረታ እጄ ከመግባቱ በፊት የእርዳታ ሥራ ላይ ነበር። ውስጡ የናፍጣ በርሜልና የእህል ጆንያ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ትርፍ ጎማ፣ ጎማው ላይ ደግሞ "እባካችሁ እስከሚቀጥለው ከተማ" ያለ ሰው። ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፣ ሲራገፍ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ከአቅሙ በላይ ለዓመታት ሲጫን ግን ብረቱ ይደክማል፣ መመለሱንም ይተዋል። ይህ ይገባኛል። ግን እኮ ያ የ4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያንኑ ጆንያ ነው አብሮዎት የጎተተው፣ ዛሬም ጠዋት ቁልፍ ሲነካ "አቤት" ይላል። ዘመኑ አለፈብኝ እንዳይሉኝ ደግሞ፦ ቶዮታ የዚህን ላንድክሩዘር ዘር፣ 70 ሲሪስን፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ እርስዎ ነበሩ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የሥራ መኪኖቹን የፊት ባሌስትራ "ሞላ" በሚባለው ጥቅልል ስፕሪንግ ሲቀይርም የኋላውን ለእርስዎ ነው የተወልዎት፣ ዛሬም አዲሱ ከፋብሪካ የሚወጣው ኋላውን በባሌስትራ ተሸክሞ ነው። እንዲህ የተከበረ መሥሪያ ቤት ነው የሚያሰድቡት።

ስም አጠፋህ እንዳይሉኝ ልኬት ወስጃለሁ። የጎማዎቹን ንፋስ እኩል ሞልቼ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ከቸርኬው መሃል ከጎማው በላይ እስካለው የቦዲው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካሁ። የግራው ከቀኙ በ3 ሳንቲሜትር ወርዷል። "ሾፌሩ የሚቀመጥበት በኩል ስለሆነ ነው" አለኝ አንድ ወዳጄ። እኔ ከሲታ ነኝ ጋሽ ባሌስትራ። በእኔ አያሳብቡ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው የሐሰት ሪፖርትዎን ነው። ኋላ በኩል፣ ከአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ወፍራም ብረት) ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች አንዲት የፍሬን ቫልቭ አለች። ሥራዋ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ምን ያህል ወደ አክስሉ እንደቀረበ እያየች ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ግፊት መወሰን ነው። ሻንሲው ከወረደ "ጭነት አለ" ብላ ግፊቱን ትለቃለች፤ ከፍ ካለ "ባዶ ነው" ብላ ትቀንሳለች። እርስዎ ባዶ መኪና ላይ ቁጭ ሲሉ፣ ያቺ ምስኪን በየቀኑ "ሙሉ ጭነት" የሚል ሪፖርት ይደርሳታል። እሷም አምና ትፈርማለች። ከዚያ በክረምት፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ፣ ቀለል ያለው የኋላ ጎማ ቀድሞ ይያዝና ኋላው ወደ ጎን ልሂድ ይላል። ያኔ ፎቶ ቢያነሱኝ ፊቴ ለመታወቂያ አይሆንም።

መቼም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም (አንዳችን መሥራት አለብን)። ሐኪም አማክሬልዎታለሁ። ሶማሌ ተራ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ገና ሳልጨርስለት "ሾኩን ቀይረው" አለ። ሾክ አብዞርበር እኮ ክብደት አይሸከምም፤ የእርስዎን መንጠር ያበርዳል እንጂ የተቀመጠ አያስነሳም። ሌላው "ሻክሉን አስረዝመው" አለኝ፣ የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ማለቱ ነው፣ ርካሽ ነው ብሎ። ርካሽ ነው። ሻክል የሚያነሳው የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ 5 ሳንቲሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሳው 2 ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ አክስሉ ይዞርና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቦታውን ይስታል፣ ከዚያ ክሮቼራው (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ) መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሌላ ሐኪም ፍለጋ ነው። ሦስተኛው በእርስዎና በአክስሉ መሃል ብረት እንሰካ አለ። ከፍታው ይመጣል፣ እርስዎ ግን እንደተቀመጡ ነዎት። ወንበር ጨመርንልዎት ማለት ነው።

በእሳት የሚያምነው ቀጥቃጭ ግን ለብቻው ቦታ ይገባዋል። "አቅልቼ፣ አጎብጬ፣ እንደ አዲስ አደርግልሃለሁ" ይላል፣ ያደርገዋልም። ችግሩ፣ የባሌስትራ ብረት ጉልበቱ ከቅርጹ ብቻ አይመጣም። ፋብሪካ ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንደገና ከ400 ዲግሪ በላይ በልኩ ይሞቃል፤ ያ ነው ተለጥጦ የመመለስ ጉልበቱን የሚሰጠው። ቀጥቃጫችን በፍም አቅልቶ፣ በመዶሻ ወቅሮ፣ አፈር ላይ ጥሎ ሲያቀዘቅዘው ያ ሁሉ ሥራ ይፈርሳል። ጋራዡን ሲለቁ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ቁጭ። በብርዱ፣ ያለ እሳት የሚያጎብጡ አሉ፤ እነሱ ይሻላሉ፣ ግን የደከመ ብረት የደከመ ነው።

አንድ ብረት መጨመርስ? ይሄ እውነት ለመናገር የሚናቅ መላ አይደለም። ሌሎቹ ብረቶች ገና ጉልበት ካላቸው መኪናውን ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ያነሳል። የእርስዎ ብረቶች ግን አንድ ላይ ተማክረው ነው የተኙት። አዲሱን ልጅ ብናስገባ ሸክሙን ለእሱ ጥለው እናንተ ፊርማ ብቻ ነው የምትፈርሙት፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይሰበራል።

ስለዚህ ውሳኔው የሚከተለው ነው። ግራና ቀኝ፣ ሁለታችሁም፣ በአንድ ቀን ትወርዳላችሁ። አንዱን ቀይሮ አንዱን መተው የለም፤ 3 ሳንቲሜትሯ በሌላ በኩል ተመልሳ ትመጣለች። በምትካችሁ የሚገቡት ለእኔ ጭነት የሚሆኑ ናቸው። "ከባዱን ግጠም፣ አይወርድም" ያለኝን ሰው አልሰማሁትም፤ ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ አይወርድም፣ የሚወርደው የተሳፋሪው ኩላሊት ነው። ጎሚኒዎቹ (በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ላስቲኮች) አዲስ ይሆናሉ። አክስሉን የሚያቅፉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም አዲስ ይሆናሉ፣ አንዴ የተጠበቀና የተለጠጠ ቡሎን መልሶ አይታመንም፤ "ይሄማ ደህና ነው" የሚለውን መካኒክ ቡና ጋብዤ አልፈዋለሁ። የሻክሉ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁሉም ዳዶ እንደገና ይጠብቃል። ያቺ ቫልቭም ትስተካከላለች፤ አለበለዚያ በውሸት "ሙሉ ጭነት" ስትል የኖረችው አሁን በአዲሱ ከፍታ ደንግጣ ለኋላ ፍሬን ግፊት ትነፍጋለች። የፊት መብራቱም ወደ መንገዱ ይመለሳል።

ስለ ጡረታዎ አይስጉ። የእርስዎ ዓይነት ብረት ሥራ አያጣም። ያው ቀጥቃጭ አሁን በትክክለኛ ቦታው ያገኝዎታል፤ ማረሻ፣ መጥረቢያ ወይም ጥሩ ገጀራ ያደርግዎታል። ገበሬ እጅ ሲገቡ ደግሞ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍልዎት የለም፣ ከተቀመጡ በድንጋይ ነው የሚሳሉት።

ከሰላምታ ጋር፣
የሃርድቶፑ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለፊት ባሌስትራዎች፣ እንዲያውቁትና ልብ እንዲገዙ
ለፍሬን ቫልቯ፣ ያለፈው ሪፖርት በሙሉ እንደተሰረዘ እንድታውቅ
ለሾክ አብዞርበሮች፣ ጉዳዩ ስለማይመለከታቸው እንዲረጋጉ
ለግራው ባሌስትራ፣ የ3 ሳንቲሜትሯን ጉዳይ በጽሑፍ እንዲያብራራ