እርማት፦ የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ቅጽ ሽፋን ቀጣዩን አርክ (በርካታ ክፍሎችን የሚይዝ የታሪክ ምዕራፍ) አይተነብይም

ወዳጆቼ፣ «በአዲሱ ቅጽ ሽፋን መሃል ላይ የቆመው ገጸ ባሕርይ የቀጣዩ አርክ መሪ ነው» የሚለው ግምት እንደ ተረጋገጠ ዜና እየተዛመተ ነው። መገመት እኔም እወዳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን የተሳሳተው ጊዜው ነው። ማንጋ መጀመሪያ በመጽሔት ክፍል በክፍል ይወጣል፤ በቅጽ የሚሰበሰበው ከወራት በኋላ ነው። የታዋቂው ማንጋ የዋን ፒስ ክፍል 1 በሾነን ጃምፕ መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1997 ሲሆን ቅጽ 1 የታተመው ታኅሣሥ ላይ ነበር። ስለዚህ ቅጹ የያዘው በመጽሔቱ ያለፈውን ታሪክ ነው። ለማረጋገጥ በቅጹ ማውጫ ላይ ያለውን የመጨረሻ ክፍል ቁጥር ማንጋ ፕላስ (ይፋዊ የማንጋ ማንበቢያ መተግበሪያ) ላይ ካለው አዲሱ ክፍል ጋር አስተያዩ። ይህ ሳይጣራ ሲቀር ደራሲው ያልገባውን ቃል «አፈረሰ» ተብሎ ይወቀሳል፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል።