ስሞ ገባ

ማታ መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሰልፉ አጥሩን ይዞ ሄዶ ሄዶ ጥግ ላይ ይታጠፋል። ከፊቴ ያሉት እናት ሽንኩርት የሞላ ፌስታላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ሰልፉ ፈቅ ባለ ቁጥር በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። ማንሳቱ ሰልችቷቸዋል።

አንድ ሰው መጣ። ከሰልፉ ጭራ ተነስቶ የእያንዳንዳችንን ፊት እያየ ወደ ፊት አዘገመ። ዘመድ የጠፋበት ይመስላል። ከፊት ተርታ ሲደርስ ፊቱ በራ። "አንተ! አለህ እንዴ? ምነው ጠፋህ!" ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ተሳሳሙ። ማዘር ደህና ናቸው፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሥራ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታው አለቀ። ሰውየው ግን አልሄደም። ወሬ እየቀጠለ እዚያው ቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ ሁለቱም ገቡ።

"ኧረ ልጄ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው" አሉ እናት።

"አብረን ነን እማማ" አለ በሩ ላይ ሆኖ።

አብረን ነን! ቅድም "ምነው ጠፋህ" ሲለው አልነበረም እንዴ? ተራ አስከባሪው ሳንቲም ሲቆጥር አላየም። ወይም አይቶ ቆጠራውን ቀጠለ።

እኔን በክርኑ የሚጋፋ ሰው ይህን ያህል አያበሳጨኝም። ተጋፊ ቢያንስ ይሰደባል፤ አንዳንዴም በኮሌታው ተይዞ ይመለሳል። ይህንን ግን ምን ትለዋለህ? ሰው ሰላም ብሎ ይሰደባል? ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ባህላችንን ጋሻ አድርጎ ነው የገባው። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ "አውሬ ሁላ!" ብሎ ተፋ። ስድቡ ልክ መስሎት ነው። እኔ ግን ለአውሬ ተቆረቆርኩ። አውሬ ሰላምታውን በነጻ አያገኝም።

የስሜን ጭላዳን እንውሰድ። የጭላዳ ሰላምታም፣ ፍቅርም፣ ውለታም መቀማመል ነው። አንዷ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ፀጉሯን እየገለጠች ቆሻሻውንና ነፍሳቱን ትለቅምላታለች። ብዙ ጊዜ እናትና ልጅ ወይም እህትማማቾች ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሣር አይጋጥም። ጭላዳ ደግሞ የምትኖረው በሣር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ካልጋጠች አይበቃትም። ስለዚህ አንቺን እየቀመልኩ ነው ማለት ምሳዬን እየተውኩልሽ ነው ማለት ነው። ዋጋ አለው።

ሮቢን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ስሜን ላይ ተቀምጦ እነዚህን ጭላዳዎች ሲያጠና ነበር። በኋላ ላይ ነው ያቺን 150 የምትባል ቁጥር ያመጣት። አንድ ሰው በቅጡ ሊያውቃቸውና ወዳጅነታቸውን ሊይዝ የሚችለው ሰዎች ወደ 150 ገደማ ናቸው የሚል። ሌላም ነገር ብሏል። የሰው ልጅ መንጋው ሲበዛበት ሁሉንም እየቀመለ መዝለቅ ስላልቻለ፣ በመቀማመል ፈንታ ወሬ ጀመረ። በእጅህ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትቀምለው፤ በአፍህ ግን ሦስት አራቱን በአንዴ ታዳርሳለህ። ቡና ላይ የሚደረገው ሁሉ ይህ ነው ካልን እናቶቻችን ከደንባር በፊት ያውቁት ነበር። ሰውየው 150 ሲል ግን አዲስ አበባን አላያትም። እዚህ ከተማ ልቅሶ ላይ ብቻ የሚያውቁህ ሰዎች ከዚያ ይበልጣሉ፤ ሁሉም ለምን እንደቀረህ ይጠይቁሃል።

ወደ ጅብ ልምጣ። በጅብ ላይ የማልጠግበው ተረት አለ። "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።" ስንት ሰው ላይ እንደጠቀስኩት! ቀልዱ ቁርበቱ ላይ ነው። ሊተኛበት ነው ሊበላው? አስተናጋጆቹ ደግሞ ጨዋ ሆነው ሲያነጥፉለት ይታየኛል። ከገጠር የመጣ ባለሀብት ነኝ ባይ፣ ከውጭ የመጣ አማካሪ ነኝ ባይ፣ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ነኝ ብሎ የክብር ወንበር የሚይዝ፣ ሁሉም እዚህ ተረት ውስጥ ይገባሉ።

ግን ተረቱ በጅብ ላይ የተሠራ ግፍ ነው። ዥጉርጉሩ ጅብ፣ እኛው አገር ሌሊት የሚጮኸው፣ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። መንጋውን የሚገዙት ሴቶቹ ናቸው። ወንዱ ሲጎረምስ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ ይፈልጋል። አዲሱ አገር ሲደርስ ቁርበት የሚያነጥፍለት የለም። ከሴቶቹም፣ ከግልገሎቹም፣ ከእሱ ቀድመው ከመጡት ወንዶችም በታች ይገባል። መጨረሻ ላይ ይሰለፋል ማለት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ላይ ያጠኗቸው ሰዎች ሰልፍ ነው ያሉት። ከፊቱ ያለው ሲሞት ወይም ሲሄድ አንድ ደረጃ ፈቅ ይላል። በጉልበት ዘሎ የሚያልፍ እምብዛም የለም። እንዲያ ሆኖ ዓመታት ይጠብቃል። አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ይዞ!

ሰላምታውስ? ጅቦች ሲገናኙ ጎን ለጎን፣ አፍ ለጅራት ይቆሙና የኋላ እግራቸውን አንስተው ሐፍረታቸውን ለመሽተት ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ እግሩን የሚያነሳው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው። አስቡት። ያንን መንጋጋ እያወቅክ፣ ያንን ቦታ፣ አምነህ ማስረከብ። የኛ ሰላምታም እንዲህ ያለ ዋስትና ቢያዝበት መገናኛ ላይ ስንቱ ተሳስሞ ይገባ ነበር?

በነገራችን ላይ ጅብ ሁዳዴንም ያውቃል። ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ሰው ሥጋ ሲያቆም የሥጋ ትራፊውም ይቀራል፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። ተመራማሪዎቹ በኩሱ ውስጥ ያገኙት የአህያ ፀጉር በጾሙ ወራት ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ነበር። ምዕመናን ሲጾሙ የሚታረደው በግ ይተርፋል፤ ዕዳው አህያ ላይ ይወድቃል። አህያም አላሳረደ፣ አልጾመ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ያሉት አባቶቻችን ምናልባት ሁዳዴ ላይ ይሆናል ያሉት።

ፋሲካ ሲነሳ ደግሞ ሲሊንደሬ ትዝ ይለኛል። ይቅርታ፣ ይህንን ሳልናገር አላልፍም።

አንድ የብሎካችን ሰው ለበዓል ጋዝ አልቆበት የኔን ሲሊንደር ተዋሰ። "በዓሉ እስኪያልፍ ነው" አለ። በዓሉ አለፈ። ሌሎች በዓላትም አለፉ። ሲሊንደሩ እሱ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ከታች ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሳይቀር አውቀዋለሁ። አሁን ላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ ቆሟል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ይመጣል። ይስመኛል፣ ደግሞ ይስመኛል፣ ባለቤቴን ይጠይቃል፣ የእናቴን ጉልበት ይጠይቃል፣ ለልጄ ፈተና ይጸልያል። የእናትህን ጉልበት እየጠየቀህ ያለን ሰው እንዴት ብለህ ሲሊንደር ትጠይቀዋለህ? አፌን በመሳም ዘግቶታል። ባለቤቴ ደግሞ "እሱ እኮ ሰው አክባሪ ነው" ትላለች። አክባሪ! ያልተዋሰው ጎረቤት ሁሉ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈኛል።

ይህ ሰው የሌሊት ወፍ ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር። ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ደም የሚጠጣ የሌሊት ወፍ አለ። ሦስት ሌሊት ገደማ ካልተመገበ ይሞታል። ስለዚህ ሳይቀናት የተመለሰችውን፣ የጠገበችዋ ከሆዷ መልሳ ታካፍላታለች። እድር በሉት። እንዲህ የምትረዳዳው ግን ዝም ብላ ከማንም ጋር አይደለም። ከዘመዷና ከዚህ በፊት ካበላቻት ጋር ነው። ጄራልድ ዊልኪንሰን የሚባል ተመራማሪ ኮስታሪካ ውስጥ አይቶ በፈረንጆቹ 1984 ጽፎታል። የሚያድሩበት የዛፍ ጎሬ ጨለማ ነው፣ የተዋዋሉበት ወረቀት የለም፣ ዳኛም ጸሐፊም የለም፤ ያም ሆኖ ማን ለማን እንዳካፈለ አይጠፋቸውም። እኛ ዘንድ የእድር መዝገብ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ቅጣት አለ። ሲሊንደሬ ግን በረንዳ ላይ ነው።

እንግዲህ ጅብን ጻድቅ አላደርገውም። የጅብ ግልገል የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። የትልቋ ልጅ ገና ጥርሷን ሳትጨርስ ከጎልማሳው ስደተኛ በላይ ናት፤ ሥጋ ላይ ቀድማ ትቀርባለች። የእገሌ ልጅ የሚባል ነገር እዚያም አለ። ልዩነቱ ሁሉም ማወቁ ነው። ማንም "አብረን ነን" ብሎ አይዋሽም።

ስለ ሰልፉ ነበር። የተሳመውን ሰውዬ ረስተነዋል፤ ጥፋቱ ግማሹ የእሱ ነው። ቸር ሆነ፣ ወዳጁን አስገባ፣ በማን ቦታ? በእሱ ቦታ አይደለም። እሱ ወንበሩን ይዞ ገብቷል። ለሰላምታው የከፈሉት ሽንኩርቱን በእግራቸው የሚገፉት እናት ናቸው። ወዳጅህን ከወደድከው ቦታህን ስጠውና አንተ ከጭራው ተሰለፍ። ያኔ እኔም መጥቼ እስምሃለሁ።

ሲሊንደሩን በተመለከተ ደግሞ ባለቤቴ ለዚህ በዓል አዲስ እንግዛ ብላለች። ጎረቤታችንም ሰምቶ በጣም ደስ ብሎታል።