ለክቡር የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይናገሩ ስክሪን ማጥቆርዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ ዊንዶውስን ስክሪን ላይ ሥዕል ከሚያወጣው ካርድ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራም ነዎት። እንደምን ሰነበቱ ብለን ባንጠይቅ አይቀየሙን። የጤናዎን ሁኔታ ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት ማኅደር ውስጥ እናነበዋለን። "ሲስተም" በሚለው መዝገብ፣ በቁጥር 4101፣ መልስ መስጠት አቁመው እንደነበርና "በተሳካ ሁኔታ" እንዳገገሙ በስምዎ ተጽፏል። እግዜር ይማርዎ። በዚያው ቅጽበት 97 በመቶ ደርሶ የነበረው የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር (ቪዲዮውን አጠናቅሮ የማውጣት ሥራ) ግን አላገገመም፤ ሙሽሮቹም እየደወሉ ነው።

ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሕጉ የታወቀ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለካርዱ ሥራ ይሰጥና 2 ሰከንድ ይጠብቃል። በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልመጣ ካርዱን ሪሴት አድርጎ እርስዎን እንደ አዲስ ያስነሳል። ስክሪኑ ጥቁር ብሎ የሚመለሰው ያኔ ነው፤ አሠራሩን ቲዲአር ይሉታል። "ነገ ተመለሱ" ሲባል ላደገ ሕዝብ 2 ሰከንድ ምኗም አይደለች፤ እርስዎ ግን ለእሷም አልበቁም። ይህ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ወይም ማስነሳቱ ራሱ ካልተሳካ ሰማያዊው ስክሪን (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች ጥቁር ሆኗል) ይዘረጋል፦ ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር፣ የስህተት ቁጥር 116።

አንዳንድ መካሪዎች ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ) ውስጥ ገብታችሁ ቲዲአር ዲሌይ የሚለውን ከ2 ወደ 10 ከፍ አድርጉት ይላሉ። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ከባድ ሥራ ለሚሠራና ካርዱ በእውነት ጊዜ ለሚያጥረው ሰው ምክሩ ትክክል ነው። ለጌም ተጫዋች ግን 2 ሰከንድ ሀንግ ያደርግ የነበረውን 10 ሰከንድ ሀንግ እንዲያደርግ መፍቀድ ነው። ለጥፋተኛ የዕረፍት ፈቃድ መስጠት ይሏል ይህ ነው።

ማንነትዎን መደበቅም አይችሉም። ሰማያዊው ስክሪን ግርጌ ላይ የሚታየው የፋይል ስም በ"ኤንቪ" ከጀመረ የኤንቪዲያ ወገን ነዎት፤ በ"ኤቲአይ" ወይም በ"ኤኤምዲ" ከጀመረ የኤኤምዲ፤ በ"አይጂዲ" ከጀመረ የኢንቴል። ይህችን መስመር በስልክ ፎቶ ማንሳት ብዙ ልፋት ያስቀራል፤ በተለይ ሁለት ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ ጥፋቱ የኢንቴሉ ሆኖ የኤንቪዲያው ሲነቀልና ሲተከል የሚውልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፎቶ ያላነሳ ሰው ሲ ድራይቭ ላይ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ የተባለውን የክራሽ መዝገብ ማስቀመጫ ይፈልግ፤ ብሉስክሪንቪው የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከዚያ ስምዎን ያወጣዋል። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ግን የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና B የሚለውን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን እርስዎን ብቻ ነጥሎ ያስነሳል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚተርፍበት ዕድል እሱ ነው።

የዘር ሐረግዎም አልተሰወረንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ላይ ከተመዘገቡት ክራሾች 30 በመቶ የሚጠጉት ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች የመነጩ እንደነበሩ ማይክሮሶፍት በተከሰሰበት መዝገብ በቀረበ ሰነድ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ደግሞ 196.75 የተባለው ታላቅ ወንድምዎ የካርዱን ማራገቢያ ፍጥነት መቆጣጠር ተስኖት ካርዶችን ስላጋለ፣ ኩባንያው ራሱ ከድረ ገጹ አውርዶታል። "አዲስ ስለሆነ ይሻላል" የሚሉዎት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

የሚያስቆጨን እርስዎ ባጠፉ ቁጥር የሚቀጣው ሌላ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ይገባል፤ ፍርዱም ሳይመረመር ይሰጣል፦ "ፎርማት ይደረግ!" ሲ ድራይቭ ይጠረጋል፣ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ከዚያ ኢንተርኔት ሲገናኝ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ ድራይቨር እጁን ይዞ ያስገባል። ካልሆነም ጠጋኙ ከፍላሹ ላይ "ለሁሉም ማሽን" የተባለውን የድራይቨር ጥቅል አውጥቶ ሁሉንም ይጭናል። ጥቅሉ የካርዱን መለያ ቁጥር አይቶ የሚቀርበውን ይመርጣል እንጂ የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ለይቶ ያስተካከለውን አያውቅም።

ስለዚህ የማስለቀቂያ ትዕዛዝ አውጥተናል።

ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ በሽምግልና እንሞክራለን። ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል፤ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር የካርዱ ስም ላይ በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር። በተኑ ደብዝዞ አልጫን ካለ የቀድሞው ቅጂ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ሽምግልናው ፈርሷል።

ያኔ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወርዳል፤ ትክክለኛው ድራይቨርና የድሮውን ድራይቨር ከነሥሩ የሚነቅለው ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር፣ በአጭሩ ዲዲዩ። የዛሬዎቹ የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ድራይቨሮች ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሚሆኑ ዳታው ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ፋይል ሌላ ጣጣ ነው። ሁለቱ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት ይነቀላል። ይህ ከተዘለለ፣ እርስዎ በአንድ በር ሲወጡ ዊንዶውስ አፕዴት በሌላው በር ይመልስዎታል። ቀጥሎ ሺፍትን እንደያዙ ሬስታርት፤ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሬስታርት፣ ከዚያ ቁጥር 4 ለሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ ለሚነሳበት ሁኔታ። ፒን በሴፍ ሞድ አልሠራም ሊል ስለሚችል የአካውንቱ ፓስወርድ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈም የመክፈቻው ቁልፍ በእጅ ይኑር። ዲዲዩ ተከፍቶ የካርዱ ኩባንያ ይመረጥና "ክሊን ኤንድ ሪስታርት" ይባላል። ተራው አንኢንስቶል የማይበቃው፣ እርስዎ ለቀቅሁ ካሉ በኋላም ሬጅስትሪው ውስጥና ድራይቨር ስቶር በሚባለው ጓዳ ዕቃዎን ትተው ስለሚሄዱ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የወረደው ድራይቨር ይጫናል። ካለቀ በኋላ ሬስታርት እንጂ ሻት ዳውን አይደረግ፤ ፋስት ስታርታፕ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) ከነድራይቨሩ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ እንደነበረ ያነሳዋል። ኢንተርኔቱ የሚመለሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

"ትክክለኛው ድራይቨር" የትኛው ነው ለሚለው፣ ለላፕቶፕ መጀመሪያ የአምራቹ ድረ ገጽ ይታይ። ለአሮጌ ካርድ ግን ነገሩ ይከብዳል። የኤንቪዲያን ጂቲ 730 እንውሰድ፦ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ ተሸጧል፤ ባለ 96 ኮር ፈርሚና ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ፣ ባለ 384 ኮር ኬፕለር። ፈርሚው ከድራይቨር ቁጥር 391.35 በላይ አይሄድም፤ ኬፕለሩ በ470ዎቹ ይቆማል። የካርቶኑን ስም ብቻ አይቶ አዲሱን ለመጫን የሚታገል ሰው በከንቱ ይደክማል። ቺፑን የሚነግረው ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው።

ይኸው ፕሮግራም ሌላም ገበና ያወጣል። ገበያ ላይ አሮጌ የፈርሚ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን የሚናገርበት የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ" ተብሎ ይሸጣል። ዴስክቶፑ ላይ ምንም አይመስልም፤ ትክክለኛው ድራይቨር ሲጫንበት ግን ይወድቃል፣ ካልሆነም ዊንዶውስ ካርዱን በችግር ምክንያት ማቆሙን የሚገልጸውን ኮድ 43 ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ እንዲህ ያለውን "ፌክ" ብሎ ይጽፍበታል። ካርድ ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ ሻጩ አይሰካም ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን አንድ ነገር እናምናለን። አንዳንዴ እርስዎ ንጹሕ ነዎት። ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚታየው የባዮስ ገጽ ላይ እያሉ መስመርና ባለቀለም ነጠብጣብ የሚታይ ከሆነ እርስዎ ገና ከቤትዎ አልወጡም፤ የታመመው ካርዱ ነው። ሴፍ ሞድ ላይም ስክሪኑ እንዲሁ የሚበላሽ ከሆነ፣ እዚያ የሚሠራው የማይክሮሶፍት መሠረታዊ ድራይቨር እንጂ እርስዎ አይደሉምና በነጻ እናሰናብትዎታለን። በጌም ላይ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ የሚወጣ ከሆነም አቧራውን ጠርጎ ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት መቀየር ይቀድማል። በጭነት ጊዜ ብቻ ያለ ሰማያዊ ስክሪን ድርግም ብሎ የሚጠፋ ማሽን ደግሞ ክሱ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ራም ኤክስኤምፒ በሚባለው ማፋጠኛ ፍጥነቱ ተጨምሮ ከሆነ ወደ ነበረበት ተመልሶ ይሞከር፤ የራም ጥፋት በእርስዎ ስም ተመዝግቦ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማና ክብ ማኅተም)

ግልባጭ፦

ለፓወር ሰፕላይ፦ ከማዘርቦርዱ ስሎት 75 ዋት፣ ከባለ 6 ፒን 75 ዋት፣ ከባለ 8 ፒን 150 ዋት እንደሚጠበቅብዎ እንዲያውቁት። ሁለት ባለ 8 ፒን ለሚፈልግ ካርድ ሁለት የተለያየ ገመድ ይውጣ፤ ባለ ሁለት ራሱ አንድ ገመድ አይበቃም።

ከሳታ (የሃርድ ዲስክ የኃይል መሰኪያ) ወደ 6 ፒን ለሚቀይረው ገመድ፦ አቅምዎ 54 ዋት ሆኖ 75 ዋት ተሸክመው ከመቅለጥዎ በፊት በፈቃድዎ እንዲለቁ።

ለዊንዶውስ አፕዴት፦ ሳይጠሩ እንዳይመጡ።

ለጥገና ቤቱ፦ ለአፈጻጸም ሳይሆን፣ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ዲ ድራይቭ ላይ ባክአፕ መኖሩን ይጠይቁ ዘንድ።